ወይኖን በወረቀት ላይ ያራመዱት አቶ ዳኘው እጅጉ

አቶ ዳኘው እጅጉ ከአባታቸው ከአቶ እጅጉ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ዳምጤ፣ በወምበርማ ወረዳ ሽንዲ አካባቢ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የምጽፈው የአጎታቸው ልጅ ሃይለ ሚካኤል ነኝ፤ በዕድሜ በሁለት ዓመት እበልጣቸዋለሁ፤ በመልክም እበልጣለሁ ይባላል። በተወለዱበት ዕለት በኅዳር ወር ያልታየ ዝናብ ጥሏል። የሁለት ዓመት ልጅ ብሆንም በደንብ አስታውሳለሁ።

ትምህርታቸውን በሽንዲ ጀምረው በፍኖተ ሰላም አጠናቀዋል። የደብተራቸው ጥግ በሙሉ ሥዕል ነበር። ቅጠሎቹን በአውራ ጣት ለቀቅ ለቀቅ ሲያደርጓቸው ዶሮዋ ትሮጣለች፣ ቀበሮው ይከተላታል። አንድ መምህር ሊቀጡበት የነጠቁትን ደብተር ለገዛ ልጆቻቸው ሲያሳዩ ተገኝተዋል።

ሆኖም ድምፅ ሲደራረብ ጆሯቸውን ይይዙ ነበር። ለሰላምታ እጅ መዘርጋት፣ ትከሻ መሳም አይሆንላቸውም። የአገራችንን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ ከብቱ ሳይቀር ተጠይቆ ነው የሚያልቅ። “ኮርቷል” ያለ አለ፤ “ተለክፏል” ብሎ ጠበል የወሰዳቸውም አለ። የእሳቸውን ሰላምታ በፈንታቸው ስከፍል የኖርሁ እኔ ነኝ። በአንድ ሠርግ ብቻ አራት መቶ ሰው ስሜያለሁ።

በ1984 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ በሦስተኛው ወር ለቀቁ። ያስወጣቸው የማኅተሙ ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲህ የቤተሰቡ ጭንቀት አንድ ሆነ፤ ይህ ሰው እየሣለ፣ እንደ ተፈጥሮው እየኖረ፣ እንጀራ ይወጣለት ይሆን?

በ1988 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤት ከነበራቸው ከወይዘሮ ሀብትነሽ ደምሴ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወሰኑ። ያጋባኋቸው እኔ ነኝ፤ ወይዘሮ ሀብትነሽ ግን “ራሴ ነኝ የመረጥሁት” ይላሉ። እሳቸው ከፊት ደንበኛ ሲቀበሉ፣ አቶ ዳኘው በኋላ ክፍል ለሠርግ ቪዲዮ መክፈቻ የሚሆን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይሠሩ ጀመር፤ ወረቀት በወረቀት ሥለው፣ አንድ በአንድ በካሜራ እየቀረጹ። በሩ ላይ “ትእዛዝ ተጽፎ በመስኮት ይሰጥ። አንዱ ሳያልቅ ሌላ አይጀመርም። በገበያ ቀን ዝግ ነው” የሚል ተለጠፈ። በገበያ ቀን ሱቅ የሚዘጋ የት አገር አለ ብሎ ያልሳቀ የለም። ሥራው ግን በተባለው ቀን ይደርስ ነበር፤ ይህን ተአምር በሌላ ሱቅ ያየ ካለ ይነሣ!

በ1999 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የመጡ አንድ ሐኪም ተፈጥሯቸው ኦቲዝም እንደሚባል ነገሯቸው። አቶ ዳኘው “ስም ካለውማ እኔ ብቻ አይደለሁም” ብለው ያን ዕለት ሲያፏጩ ዋሉ።

በ2004 ዓ.ም. ጤፍን በመስመር ስለ መዝራት የሚያስተምር ፊልም ከግብርና ጽሕፈት ቤት ታዘዙ። ሱቁ እንደ ድሮው ሊቀጥል የሚችለው ይህ ሥራ ከተወደደ ብቻ ነበር። አቶ ዳኘው ቡሬ አጠገብ እርሻ ዳር ሦስት ቀን ተቀምጠው ያዩትን በሬ ሣሉ፤ የኋላ ግራ እግሩ ያነክሳል። አሠሪው “አንካሳ በሬ ለመንግሥት ሥራ አይሆንም፤ ይስተካከል” አሉ። አቶ ዳኘው “እንዲያ ነው የሚሄደው” አሉ እንጂ አንዲት ወረቀት አልቀየሩም። እኔም ለመንሁ። ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ያን ቀን ፈርቻለሁ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ግን “መጀመሪያ ገበሬው ይየው” ብለው አስማሙ።

ቡሬ ላይ አዳራሽ ውስጥ አንሶላ ተሰቅሎ ፊልሙ ሲታይ፣ አቶ የሺጥላ የተባሉ ገበሬ ብድግ አሉ፦ “ኧረ ወይኖ! የኔው ወይኖ ነው እኮ! እግሩን እዩት!” ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ድገሙት ተባለ፤ ሦስቴ ተደገመ። በሦስተኛው ሳቁ በርዶ ስለ መስመሩ ስፋት ይጠይቁ ጀመር። ጭብጨባው ፍኖተ ሰላም ድረስ ተሰምቷል፤ ሰባት ምስክር አለኝ። ከዚያ በኋላ ከጤና ቢሮ፣ ከትምህርት ቢሮ፣ ራቅ ካለችው ከሊበን ከተማ ሳይቀር ትእዛዙ በዚያችው መስኮት ጎረፈ። በሩን ግን ማንም አላንኳኳም።

አቶ ዳኘው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም. በ54 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሀብትነሽን፣ የአባቷን ወንበር የተረከበችውን ልጃቸውን ሳሌምን እና እኔን ትተዋል።

ይህ ጽሑፍ ለምን ሃያ አራት ቅጠል ሆነ ላላችሁ፣ ራሳቸው አልጋ ላይ ሆነው በየቅጠሉ ጥግ ሥለው ያዘዙት ነው። ጥጉን በአውራ ጣታችሁ ልቀቁት፤ ወይኖ እያነከሰ ይሄዳል። በትር ይዞ የሚከተለው እኔ ነኝ። “አሳጠርኸኝ፤ ትንሽ ጨምርልኝ” ብላቸው፣ “ጋሼ፣ ያየሁትን ነው የምሥል” ብለውኛል። በመጨረሻው ቅጠል ወይኖ ከወረቀቱ ይወጣል፤ እኔ በትሬን እንደያዝሁ እዚያው ቆሜ እቀራለሁ።

የወይኖን እርምጃ ሳያዛንፍ የሚያይ ዓይን የሰጣቸው አምላክ፣ ጩኸት በሌለበት፣ በር በማይንኳኳበት ማረፊያ ነፍሳቸውን ያኑርልን።