ዘመድ የሌላት ሴት

ይድረስ ለሩቁ ዘመዴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ? ያ የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ ገበያው ከመቀዝቀዙ በቀር ክፉ ነገር የለም።

መልሴ የዘገየው ረስቼህ አይደለም። ሱቃችን መጥተህ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጠህ፣ "ሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ሰው ወላጁን ቢያውቅ እናንተን ምን ይጎዳችኋል?" ያልከኝ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። የምራቅ የዘር ምርመራው አንተና እኔ የቅርብ ዘመዳሞች ነን ስላለ ሟቹን አባቴን ጠርጥረህ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ጠርጥሬው ነበር።

ግን የእኛ ቤት ሱቁ ከዘር እንዳይወጣ እየተባለ የአጎት ልጅ ከአጎት ልጅ ሲጋባ የኖረ ቤት ነው። አንተ እንደሄድክ እሺ ያሉኝን ዘመዶቼን ሁሉ አስመረመርኩ። ትልቁ አጎቴ፣ "እኔ ምራቄን የምተፋው በሚገባው ሰው ላይ ነው" ብሎ ካሳቀን በኋላ ተፋ። ውጤቱ ሲመጣ አባትህ እሱ አይደለም፤ ነገር ግን ዘመዶቻችን የሚነግዱበት የሱቃችን መንገድ በሙሉ የቅርብ ዘመድህ ሆኖ ቁጭ አለ። "ይሄን ሁሉ ወገን ይዞ ምን ጎደለኝ ይላል?" አለ አጎቴ።

የምርመራውን ባለሙያ በስልክ ጠየቅኋት። እርስ በርሱ በተጋባ ቤት ያው ደም በብዙ በር ስለሚገባ የሩቁም ቅርብ ይመስላል አለችኝ። አባትህ ከዚህ ቤት ወንዶች አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን የሞቱት ሞተው፣ የቀሩት ተደበላልቀው አይለይም። "ከውጭ የገባ ሰው ካላችሁ በእሱ በኩል ሞክሪ" አለች።

ከውጭ የገባችው እናቴ ብቻ ናት። ከሌላ ከተማ መጋረጃ ልትሰፋ ሱቁ ውስጥ ተቀጥራ መጥታ፣ አባቴን ያገባችው ዓመታት ቆይታ ነው። እዚህ አንድ ዘመድ የላትም። በእሷ በኩል እንደሌለህ አረጋግጬ ልተወው ብዬ የወንድሟን ልጅ አስመረመርኩ። ልጅቷ የእኛን መንገድ ረግጣ አታውቅም። ለእኔም ላንተም እኩል ትቀርባለች። እናቴ ያላት አንድ ወንድም ነው፤ እሱም ያለችው ይህችው አንዲት ልጅ ናት። ሒሳቡን አንተም ትሠራዋለህ።

እናቴ ጓዳ ተቀምጣ አተር ስትፈለፍል ነገርኳት። እጇ አልቆመም። ጤነኛ ነው ወይ አለች። ነው አልኳት። ልጆች አሉት? ሦስት። ትከሻውስ ሰፊ ነው? በር ያህላል አልኳት። የፈለፈለችውን አተር ድስቱ ውስጥ ገለበጠችና፣ "አላውቀውም በይው" አለች። "እዚህ ቤት የኖርኩት እሱን ባለማወቄ ነው።"

እባክህ አትምጣ። ቤቱም ሱቁም በአጎቴ ስም ነው፤ ቢሰማ በዚህ ዕድሜዋ ደጅ ያወጣታል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ እጄ ላይ የሌለ ዕቃ አልሸጥም፣ ተስፋም አልሸጥልህም። በየማታው ውሎዬን የምጽፍ ሰው የዚያን ቀን ገጽ ባዶውን ትቼዋለሁ።

ከዚህ ጋር የካፖርት ጨርቅ ልኬልሃለሁ። መቀሱን ሳነሳ ከእጄ ወስዳ የቆረጠችው እዚህ ዘመድ የሌላት ሴት ናት። ለክታ ስትጨርስ "ይጠበዋል" ብላ አንድ ክንድ ጨመረችበት።

ልጆችህን ያሳድግልህ። ጉልበትህን ከብርድ ጠብቀው።

እህትህ