በአባትህ ስም የሰጠኸው ደም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን
ከሆስፒታሉ ግቢ

ለምሳሳልህ ልጄ፣

ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም። አባትህ ተኝቷል። ተኝቷል ስልህ ጉንፋን እንዳይመስልህ። ያ በአንድ እጁ የመኪና ባትሪ ተሸክሞ በሌላው ሲጋራውን የሚለኩስ ሰውዬ ዛሬ ማንኪያ አይጨብጥም። መዳፉ ከአንጓው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ቀና አድርገው ሲሉት አይታዘዝለትም። የማጎርሰው እኔ ነኝ። ያፍርና «ጨው አብዝተሽበታል» እያለ በእኔ ያሳብባል።

ይህን እንዳልጽፍልህ አስምሎኛል። «እዚያ ብቻውን ነው፤ ምን እንዲያደርግ ነው የምትነግሪው?» አለኝ። እኔም ማልኩለት። አሁን ሲያሸልብ ጠብቄ ወጣሁና ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። የመሐላው ዕዳ በእኔ ይሁን።

ነገሩ የጀመረው በሆዱ ነው። ቁርጠቱ ሲመጣበት ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ላብ በላብ ይሆናል። እኔ ምግቤ ነው ብዬ ዘይት ቀነስኩ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ትል ነው አለ፤ እሱ ለሁሉም ነገር ትል ነው ይላል። ቀጥሎ ቁጣ መጣ፣ ከቁጣው በኋላ ደግሞ መርሳት። አንድ ቀን ከፋብሪካ ሲመለስ የራሳችንን ቤት አልፎ ሄዶ የማያውቀውን ሰው በር ሲያንኳኳ ልብስ ሰፊው አገኘው። እጁን ይዞ አመጣልኝ። በማግስቱ እዚህ ይዤው መጣሁ።

ዶክተሯ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ ድዱ ላይ ያለውን ሰማያዊ መስመር አየችና «ሥራው ምንድን ነው?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። አሮጌ ባትሪ ተሰባብሮ በውስጡ ያለው እርሳስ የሚባለው ብረት የሚቀልጥበት ፋብሪካ ዋና አቅላጭ ነው አልኳት። ደሙን መረመሩት። እርሳሱ ደሙን ሞልቶ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል አለችኝ። ብረቱን ከደም ጠርጎ የሚያወጣ መርፌ አለ፤ ግን ያለው በትልቁ ሆስፒታል ነው። እዚያ ለመግባት ደግሞ «ይህ ሰው በሥራው ላይ ተመርዟል» የሚል የፋብሪካው ወረቀት ያስፈልጋል። «እናት፣ ቶሎ በሉ፤ አንጎሉን ከያዘው እኔም የማደርገው የለኝም» አለችኝ።

ፋብሪካ ሮጥኩ። የደህንነት ኃላፊው የአባትህን የደም ምርመራ መዝገብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ሠራተኛው ደም በሰጠ ቁጥር ውጤቱን መጻፍና ማስቀመጥ ግዴታቸው ነው፤ እነሱም ጽፈዋል። ገጽ በገለጠ ቁጥር ንጹሕ ነው የሚለው። «እናቴ፣ ይህ ሰውዬ እኮ በር ላይ ከሚቀመጥ ዘበኛ እኩል ጤነኛ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ በዚያ በር ላይ ዘበኛው አንተ ነበርክ።

ወረቀቱን ከለከሉኝ። እንዲያውም እቤቱ ተደብቆ እርሳስ ያቀልጥ ይሆናል ብለው ሁለት ሰዎች ላኩብን። ጓዳ ገቡ፣ አልጋ ሥር ጎነበሱ፣ ድስቴን ገልብጠው ቂጡን አሸተቱ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው አለቀስኩ።

እነዚያ አቅላጮች የሚያደርጉትን አንተም እኔም እናውቃለን። ደም የምትወስደው ነርስ ከውጭ ነው የምትመጣው፤ ማንንም በመልክ አታውቅም፤ ስም ትጠራለች፣ ክንድ ትወጋለች። ደሙ ውስጥ እርሳሱ ከፍ ያለ ሰው ከምድጃው ተነስቶ ወደ ጓሮ፣ የባትሪ ሣጥን ማጠብ ይወርዳል። አቅላጩ ሁሉ ደግሞ ደመወዙና ማዕረጉ የሚቀርበት መስሎት «ጓሮ ከምወርድ መቃብር ልውረድ» ባይ ነው። ስለዚህ የደም ቀን ሲደርስ እያንዳንዱ ከበር፣ ከቢሮ፣ ከመጋዘን ንጹሕ ክንድ ይለምናል። አባትህ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። «ከአብራኬ የወጣ ልጅ ነው፤ ነርሷ ምን አገባት?» ብሎ ምሳ ላይ ሲያስቀን ትዝ ይለኛል። አንተ ላይ ምንም ቅያሜ የለኝም፤ ይህን ደግመህ አንብበው። አባቱ ሲለምነው እምቢ የሚል ልጅ አላሳደግሁም።

ባለፈው ሳምንት ከመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና «አባባ፣ መዝገቡ ላይ ያለው ደም የእርስዎ ነው?» አለችው።

«የእኔ ነው።»

«እንዲህ በጠራ ደም እንዴት ታመሙ ታዲያ?»

«እሱን ፈጣሪ ያውቃል» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ስትወጣ ተከተልኳት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደንቡን አስረዳችኝ። ደሙ ከፍ ያለ ሠራተኛ ከምድጃው ይነሳል፤ ደመወዙ ግን አይነካም፤ ማዕረጉም የእሱው ነው፤ ደሙ ሲወርድለት ወደ ቦታው ይመለሳል። ቦታው ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። የት ነው የተጻፈው ብላት፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከጃኬት መስቀያው ሥር አለችኝ። አስበው ልጄ፤ በየማለዳው ጃኬታቸውን ደንቡ ላይ እየሰቀሉ ኖረዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ።

መዝገቡ የሚፈርሰው ደሙን የሰጠው ሰው በገዛ አፉ «የእኔ ነው» ሲል ብቻ ነው አለችኝ። ለአባትህ ነገርኩት። «ልጁን አሁን እዚያ ሌላ ከተማ የቀጠሩት የሠራተኛ ደም ውጤት እንዲመዘግብ ነው። እኔ እያታለልኩ ደም ሰጥቼ ነበር ካለ አንድ ቀን አያሳድሩትም። የልጄን እንጀራ ዘግቼ የምድነው ምን ላደርግበት ነው?» አለኝ። አንገቱን ሲያደነድን ታውቀዋለህ።

አንድ ነገር ላንሳልህ። ከዘበኝነት አንስተው ለደም መዝጋቢነት ሥልጠና በላኩህ ሰሞን ደውለህ «ሆዱን ያመዋል እንዴ?» አልከኝ። ሳይነግሩህ ሐኪም ሆንክ ብዬ ቀለድኩብህ። «እስካሁን ምድጃው ላይ ነው?» አልክ። አዎ ስልህ ደህና ሁኚ እንኳ ሳትለኝ ስልኩን ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ድምፅህ እየራቀ ሄደ፤ አሁንማ ብደውልም አታነሳም። ለአባትህ ሥራ በዝቶበት ነው እለዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠይቅህም። ብቻ ምግብህን አትተው፤ ሲከፋህ አፍህ እንደሚዘጋ አውቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ፊቱን ሳጥበው ትክ ብሎ አየኝና «እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ እባክሽ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ልጄ ነው፤ እሱን ጥሪልኝ» አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሮኝ ኖሮ እህቴ አለኝ። ፎጣውን አስቀመጥኩና ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ተቆጣጣሪዋ ቢሮ ሄድኩ። ስምህን ነገርኳት። የት እንደምትሠራም ነገርኳት። አንተ የምታጣው ሥራ ነው፣ እሱ ነፍሱን ነው፤ ሥራ ሌላ ይገኛል ብዬ ቆረጥኩ። ለልጇ እንዲህ የምትቆርጥ እናት ምን ትባላለች? እንጃ።

ዓርብ ትደውልልሃለች። አልሰጠሁም ካልክ ጉዳዩ ይዘጋል፤ ሰጥቻለሁ ካልክ ፋብሪካው የከለከለንን ወረቀት በዚያው ቀን ራሷ በቢሮዋ ስም ትጽፋለች። ዶክተሯን መርፌው አሁንም ይደርሳል ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ «እንሞክራለን» ብላ ብርድ ልብሱን አስተካከለችለት። አንተ በሥልጠናው ተምረኸው ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህና፣ ይደርሳል ወይ የሚለውን ለእኔ አትንገረኝ።

እዚያም ሥራህ ላይ እጅጌውን ሰብስቦ የሚመጣውን ሰው ፊቱን እየው፤ መታወቂያውን አስወጣው። አባቴ ነው ቢልህም።

በወጣህበት በር ሰው አያሳጣህ፤ ደጉን ከፊትህ፣ ክፉውን ከኋላህ ያድርገው። ክንድህን አይርገምብህ፤ እኔ መርቄዋለሁ።

ከተቆጣህ እኔን ተቆጣ። ከዚህ በኋላ እናቴ ባትለኝም እችለዋለሁ። ዓርብ ግን ስልኩን አንሳ።

እናትህ