ማሬ ይዛልሽ የምትመጣው ሲዲ

ባሕር ተሻግረሽ ላለሽው ለታላቅ እህቴ ለጌጤ፣ ቤይሩት ይድረስ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይስ ደረጃውን ስታጥቢ አሁንም ይይዝሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህል ይበላልሻል? ሆድ ሲብስሽ የምታወሪው ሰው ከጎንሽ አለ? እኔ ለአካሌ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

እማ ደህና ናት። ሰኔ ላይ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስጃት ሰባት ቀን ተዘፈዘፈች፤ አሁን ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። ፍልሰታን አንድ ቀን ሳታጎድል ጾማ ትናንት ፈታች። ገነት ወደ አሥረኛ ክፍል አልፋለች፤ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ምንም አልቀረው፣ አፏማ ካለፈኝ ቆየ። ዝናቡ ዘንድሮ በዝቷል፤ መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋል፤ ደጃችን ጭቃ ብቻ ነው። የአጎታችን ገብስ ግን ምንም አልሆነም፣ አምሯል።

ከቤይሩት ለዕረፍት የመጣችው ማሬ የላክሽውን ዕቃ በሙሉ አስረክባናለች። የእማ ሻርፕ ልክ የምትወደው ዓይነት ነው። የገነት ጫማ ትንሽ ጠበባት፣ እሷ ግን አልጠበበኝም ብላ እያነከሰች ትሄዳለች። በሻርፑ ውስጥ ጠቅልለሽ የላክሽው ሲዲም ደርሶኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ አሠሪሽ አጠገብሽ ቆማ ነው የምታስወራሽ፤ እኔም ብሆን ድምፅሽን ስሰማ የያዝኩት ቃል ይጠፋኛል።

ከፋሲካው ደብዳቤዬ ልጀምር። ያን ደብዳቤ ስጽፍልሽ እየሳቅሁ እንደነበር ታውቂያለሽ? ከየኔታ ሀብተማርያም ቅኔ ቤት ወጥቼ በላክሽልኝ ፕሌይስቴሽን ጌም ቤት ስከፍት፣ እማ ሦስት ቀን እንዳላናገረችኝ መቼም አትረሺውም። ሠርቶ መብላት ነውር አይደለም ያልሽ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ከዚያ ወዲህ ሰው በመጣ ቁጥር የምትሠሪበት ቤት ልጅ ሳሚ ሰልችቶት የሰጠሽን ጌም ትልኪልኛለሽ። እኔ ደግሞ ከቅኔ ቤት ብወጣም የቅኔ ቤት አመሌ አልወጣልኝም። እዚያ ተማሪ ቆጥሮ ያዘጋጀውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ስሕተቷ አትታለፍም፤ ሰምቶ ዝም ያለ ጓደኛም ይወቀሳል። እኔም አንድ ደብተር አበጅቼ የእያንዳንዱን ጌም ጉድለት እየጻፍሁ ግድግዳው ላይ እሰቅል ጀመር። ሰዉ ወደደው። ከፊት ለፊታችን ጎማ የሚለጥፈው ደምሴ ፍርዱን ሳያነብ ወንበር አይዝም፤ ቅዳሜ ለገበያ የሚመጡት የእብናት ልጆችም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ፈንታሁን ዛሬ ምን ጻፈ ብለው ነው።

የጻፍሁትን ታስታውሺዋለሽ። ስለ መኪናው ጌም፣ መሪውን አዙረህ መኪናው የሚታጠፈው አስቦበት ነው፤ ዛፉ ሁሉ አንድ ዛፍ ነው፤ ገደል ገብቶ ሲወጣ ጭረት እንኳ የለበትም፤ የጉናን ቁልቁለት በአይሱዙ የወረደ ሰው ይህን ሲያይ ይታዘባል ብዬ ነበር። ስለ ባለ ጎራዴው ደግሞ፣ ሳይጀመር ግማሽ ሰዓት ያወራሉ፣ ከዚያ ቁልፍ ፍለጋ ነው፤ በር ይከፍታል፣ ከበሩ ኋላ ሌላ በር፤ ሰሙን ደርድሮ ወርቁን የረሳ ቅኔ ነው አልሁ። በኳሱ ጌም ከግራ ጥግ የተመታች ኳስ ሁልጊዜ ትገባለች፤ በረኛው ቆሞ ያያታል፤ ይህን ያወቀ ሰው ያሸንፋል እንጂ አይጫወትም። የዓሣ ማጥመጃውንማ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ውኃ ያያል ብዬ በአንድ መስመር ጨረስሁት።

ከሁሉም በታች በቀይ ብዕር እንዲህ ብዬ ደመደምሁ። እነዚህ ጌሞች መጥፎ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ መጥፎ ጌም ቢያንስ ያስቃል። እነዚህ መሃል ላይ የቀሩ ናቸው፤ አያስቁም፣ አያናድዱም፤ ግማሽ ሰዓት ተጫውቶ የተነሳ ሰው ምን እንደተጫወተ ብትጠይቂው አይነግርሽም። አሁንም ቢሆን ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ። የተሳሳትሁት እሱን ገልብጬ ለአንቺ መላኬ ላይ ነው። ያም ሳይበቃኝ ከሥሩ፣ ልጁ ጥሩ ጥሩውን ለራሱ አስቀርቶ ትርፍራፊውን ነው የሚሰጥሽ፣ በእነዚህ ጌሞች ቤቱ አይቆምም ብዬ ጨመርሁበት። ደምሴን ለማሳቅ የምናገረው ዓይነት ወሬ ነበር። ከሥራ ደክመሽ ገብተሽ አልጋሽ ላይ ቁጭ ብለሽ እንደምታነቢው አላሰብሁም።

ከዚያ ማሬ መጣች። ሲዲውን ስከፍት የዘንድሮው የኳስ ጌም ነው፣ ገና አዲስ። እታለም፣ ምን ልበልሽ፤ ተጫዋቹ ሲደክም ይታወቅበታል፣ በዝናብ ሜዳ ላይ ኳሷ ትከብዳለች፣ በረኛው እንደ ሰው ይሳሳታል። ሁለት ቀን ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። በደብተሬ ላይ ጥሩ ቅኔ ሲሰማ የሚባለውን ይበል የሚለውን ቃል ጻፍሁበት። ሦስት ዓመት ስጽፍ ለማንም ጽፌው አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጭቃ የነካውን የሲዲውን ማቀፊያ ልጠርግ የሥዕሉን ወረቀት ሳወጣ፣ ከኋላው በዐረብኛ የተጻፈች ትንሽ ካርድ ወደቀች። ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ኑርዬ ዐረብኛ ያነባሉና ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ ለልጅ ልጄ ለሳሚ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ስለሞላህ፣ አያትህ ይላል አሉኝ። ዕቃው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እህቴ ናት የላከችልኝ አልሁ። ካርዷን አጥፈው መለሱልኝ። ከሱቃቸው ስወጣ ፊቴ ይቃጠል ነበር።

ለራሴ ብዙ ነገር ነገርሁት። ልጁ ቢሰጣትስ አልሁ። የባለጸጋ ልጅ ነው፣ ሁለት ቢኖረውስ አልሁ። ሆኖም የዚያን ዕለት ጌሙን ከማሽኑ አውጥቼ ቆለፍሁበት፤ ሰዉም ተቆጣኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ማሬ እማ ያዘጋጀችልሽን ሽሮና በርበሬ ልትወስድ ከቤተሰቦቿ ዘንድ ከይፋግ መጣች። እናንተ ፎቅ ውስጥ ከምትሠራ ጓደኛዋ ጋር በስልክ አውርታ ኖሮ፣ ወሬ ብላ ለእማ ታወራላታለች። የጌጤ አሠሪዎች የልጁ ጌም ጠፍቶ ቤቱን ገለባበጡት፤ አያቱ የሰጡት ነውና ልጁ እህል አልበላም አለ፤ አብራት የምትሠራውን የስሪላንካዊቷን የኩማሪን ሻንጣ መሬት ላይ ዘርግፈው ፈተሹት፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣች ወደ ኤጀንሲው እንመልሳታለን ብለዋታል አለች። እማ ምስኪን ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ሽሮውን እያሰርሁ ነበር፤ ገመዱ ከእጄ ወደቀ።

ኩማሪን እኮ አንቺ ነሽ ያስተዋወቅሽን። ቤይሩት የገባሽ ሰሞን ታመሽ ስትተኚ ሥራሽን ደርባ የሠራችልሽ፣ ቋንቋ ሳትግባቡ ሩዝ አብስላ ያጎረሰችሽ እሷ ናት ብለሽ ጽፈሽልናል። እማ በጸሎቷ ስማችሁን አንድ ላይ ነው የምትጠራው፤ መጥራቱ ቢያቅታትም ኩመሬ እያለች።

በነጋታው የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ጌም ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምሁ፤ ሰው በሳጥን ውስጥ ሆኖ ኳስ ይጫወታል ስላቸው፣ ማን አስገባው አሉኝ። የአንቺን ጉዳይ ግን ወዲያው ገባቸው። ፍርድ የጻፍሁት ከእርስዎ በተማርሁት መሠረት ነው፣ ስሕተት ሰምተህ ዝም አትበል ብለውኛል አልኋቸው። «አንተ ያረምከውን ቅኔ የነገረህ ማን ነው?» አሉኝ። አንቺ ቅኔ አልነገርሽኝም። በእጅሽ የገባውን ሁሉ ለወንድሜ ብለሽ ነው የላክሽልኝ፤ እኔ መምህር ሆኜ አርምሁሽ።

ፍልሰታን እማን ለማስደሰት ብዬ ቤቱን ዘግቼ ነበርና አሮጌዎቹን ጌሞች አንድ በአንድ ደግሜ ተጫወትኋቸው። አሁን ጥሩ ናቸው ብዬ አልዋሽሽም። መኪናው አሁንም ዘግይቶ ነው የሚታጠፈው፣ ባለ ጎራዴውም ቁልፉን አላገኘም። የዓሣውን ግን ሳልበድለው አልቀረሁም፤ ደምሴ እሱን ይወዳል፣ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ስሰማ ውዬ አንድ ሰው የማይጮህበት ነገር ማየት ያሳርፈኛል ይላል። ያም ሆነ ይህ ልጁ ወድዶ የሰጠሽ እነሱን ነው። ቤቱ የቆመውም በእነሱ ነበር፤ ሳማርር ሳማርር ሦስት ዓመት ያበሉን እነሱ ናቸው።

እታለም፣ ሳሚ ራሱ ሰጥቶሽ ከሆነ በስምሽ ክፉ ያሰብሁትን ወንድምሽን ይቅር በይው፤ ሲዲውን ብቻ ለኩማሪ ስትይ አሳዪያቸው። ካልሰጠሽ ግን የወሰድሽው ለእኔ ነው፣ ያስወሰደሽም የእኔ ደብዳቤ ነው። መጀመሪያ ሳስብ፣ ሶፋው ሥር ጣይውና ሲጠርጉ ያገኙታል ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ብዙ አሰብሁበት። ከሶፋው ሥር ሲገኝ፣ ኩማሪ ፈርታ መለሰችው ማለታቸው አይቀርም፤ ሌባ ተብላ ትኖራለች። ስለዚህ በእጅሽ ይዘሽ ግቢና፣ እኔ ነኝ በይ። ጌም ቤት ያለው ስግብግብ ወንድም አለኝ፣ እሱ ነው ለዚህ ያደረሰኝ በይ፤ እኔን የቱንም ያህል ብትሰድቢኝ ውሸት አይሆንም።

ይህን መጻፍ ለእኔ ቀላል መሆኑን አውቃለሁ። የምትቆሚው አንቺ ነሽ፣ የምትሰደቢው አንቺ ነሽ፤ እኔ እዚህ እማ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ሊያባርሩሽ ይችላሉ፤ ከዚያም የባሰ ሊያደርጉ ይችላሉ ብዬ እፈራለሁ። ካባረሩሽ ነይ። ባዶ እጅሽን ነይ፤ ፕሌይስቴሽኑን ሸጬ ባሕር ዳር ድረስ ወጥቼ እቀበልሻለሁ፤ ለእማም ምክንያቱን የምነግራት እኔ ነኝ። እስካሁን አታውቅም። ሻርፑን ለብሳ ስትወጣ ባየሁ ቁጥር አቀረቅራለሁ።

ለማሬ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ ምን እንደተሸከመች ሳታውቅ ደግሜ ላሸክማት አልፈለግሁም። መጀመሪያ ደንግጣ አለቀሰች። በኋላ ግን እንባዋን ጠርጋ፣ «ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይዤው እመለሳለሁ» አለች። ከነገ ወዲያ ወደ አዲስ አበባ ትነሳለች፤ ወሩ ሳያልቅ በእጅሽ ታስገባዋለች። የአያቱን ካርድ በቦታዋ መልሻታለሁ፣ ጭቃውንም አጽድቼዋለሁ። ግድግዳ ላይ የነበረውን ወረቀት ሁሉ አንስቻለሁ። በደብተሩ ላይ የጻፍሁትን ይበል ግን አልሰረዝሁትም፤ ጌሙ አላጠፋም።

እማ ጉንጭሽን በሁለት እጇ ይዛ ትስምሻለች፤ ሽሮውን ብቻሽን ብዪ፣ ለሰው ስትሰጪ እንዳትጨርሺው ብላሻለች። ገነት በጫማው እያነከሰች ሰላም ትልሻለች። አጎታችን፣ ደምሴም፣ ሐጂ ኑርዬም ጤና ይስጥልን ብለውሻል። የኔታ ስምሽን በቅዳሴ እያነሱልሽ ነው። ለሳሚ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ሳላውቅ የበደልሁትን ይቅር ይበለኝ። ለኩማሪም ከእማና ከእኔ የሆነ ሰላምታ አድርሺልን፤ ሰላምታዬን የምትነግሪያት ግን ሲዲውን በፊቷ ከመለስሽ በኋላ ይሁን።

ታናሽ ወንድምሽ ፈንታሁን
ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 17 ቀን 2002 ዓ.ም.