የመሃል ሥዕሎች

ይድረስ ለማከብርሽና ለምናፍቅሽ እታለም ዙሌይካ፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽን ይዞ አላስነሳ ያለሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ሙቀቱስ እንዴት ነው፤ ዘንድሮም እንደ አምናው ከቤት አላስወጣ ብሏል? ዐብዱልከሪም አዲሱ ሥራው ተስማማው? ኢልሃም የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች? ትንሹ ኸሊልስ ሁለት እርምጃ ተራምዶ መውደቁን ትቶ መሮጥ ጀመረ? እኔ አላህ የተመሰገነ ይሁን፣ ሰውነቴ ደህና ነው። ጎንደርም እንደተውሻት ናት፤ የሚያዝያ ነፋስ የአዲስ ዓለምን አቧራ እያመጣ ደጃፋችን ላይ ያራግፋል፤ ሰውም ለረመዳን ሽር ጉድ ማለት ጀምሯል። አንቺን ከማጣት በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ግን ወረቀት ያነሳሁት የጎደለውን ልነግርሽ ስለሆነ ተውኩት።

ምነው ስልክ እያለ ደብዳቤ እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ከልቤ ይቀድምና "ደህና ነኝ፣ ሥራም ሸጋ ነው" ይላል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ስዋሽሽ ከርሜያለሁ። ጎረቤታችን ኡዘይር ለዑምራ ስለሚመጣ ይህን በእጁ ሰድጄልሻለሁ። ልጆቹን አስተኝተሽ፣ አረፍ ብለሽ አንብቢው።

ፒያሳ ከባንኩ ጀርባ፣ ፎቁ ላይ ያለውን ካርቱን የምንሠራበትን ክፍል በቪዲዮ አሳይቼሽ ነበር። ስድስት ነበርን። ሚስጥር የምትባለዋን ጓደኛዬንም ታስታውሻታለሽ፤ ስልኩን ነጥቃኝ ምላሷን ያወጣችብሽ። አያ ወልደ ገብርኤልን ግን አላየሻቸውም፤ ካሜራ ሲያዩ ዞር ይሉ ነበርና። የደባርቅ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። በልጅነታቸው ከአንድ አለቃ እግር ሥር ብራና ላይ መሣል ተማሩ። ኋላም ወደ ጎንደር ወርደው የቅዱሳን ሥዕል ለቱሪስት ሲሸጡ ነው ሰውአገኝ ያገኛቸው። ሰውአገኝ የስቱዲዮው ባለቤት ነው። አያ ወልደ ገብርኤል ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ እርሳስና ወረቀት ብቻ።

ሥራችን እንዲህ ነበር እታለም። አንዲት ሴት እንስራ ከጀርባዋ ስታወርድ ማሳየት ብትፈልጊ፣ በመጀመሪያ አዝላው ትሥያታለሽ፤ ቀጥሎ መሬት አስቀምጣው ትሥያታለሽ። ከዚያ በሁለቱ መሃል ያለውን እንቅስቃሴ አንድ በአንድ፣ ጥቂት ጥቂት እያዛወርሽ ትሞዪዋለሽ። ለአንዲት ሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ነው። የሚያየው ሰው ልብ አይለውም፤ ከሌለ ግን ሁሉም ነገር ይደናቀፋል። የመሃል ሥዕል ያስተማሩኝ አያ ወልደ ገብርኤል ናቸው። "ሰው ከወንበሩ ከመነሳቱ በፊት በልቡ ይነሳል፤ መጀመሪያ ያንን ሣዪ" ይሉኝ ነበር። በጾማቸው ወራት ምሳችን አንድ ዓይነት ስለሚሆን ሽሮ ከአንድ ሳህን እንበላለን። እኔ ረመዳን ስጾም ደግሞ እሳቸው ምሳቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ይወጡልኝ ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ "በልተሻል ወይ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ።

ባለፈው መስከረም ሰውአገኝ ከአዲስ አበባ አዲስ ወሬ ይዞ መጣ። ሥራ የሚሰጡን የውጭ ሰዎች አንድ ፕሮግራም እየሞከሩ ነው፤ ሰው ሠራሽ አእምሮ ይሉታል። ፊተኛውንና ኋለኛውን ሥዕል ስትሰጪው መሃሉን ራሱ ይሞላዋል፤ ንግግር ስታሰሚው የሥዕሉን ከንፈር ከቃሉ ጋር ራሱ ያንቀሳቅሳል። ግን ከባዶ ተነስቶ አያውቅም፣ መማር አለበት፤ የሚማረውም ሰው ከሠራው ሥዕል ነው። ሰውአገኝ እኔን ለብቻዬ ጠራና የአራት ዓመት ሥዕላችንን በሙሉ በስካነር ኮምፒውተር ውስጥ እንዳስገባ አዘዘኝ። "ከተሳካ አንቺ ትቀሪያለሽ፤ ስለ ሌሎቹ ግን አላውቅም። እስኪለይለት ለማንም እንዳትናገሪ" አለኝ። እሺ አልኩት። ሳላስበው ነው ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም፤ አስቤ ነው እሺ ያልኩት።

ወረቀቱ ብዙ ስለነበር አያ ወልደ ገብርኤል ሊያግዙኝ አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸው ከየካርቶኑ እያወጡ በቁጥሩ ይደረድሩልኛል፤ እኔ አስገባለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ዋልን። በሁለተኛው ቀን "ፈህሚያ፣ ይህ ሁሉ ለምን ይሆናል?" አሉኝ። "እንዳይበላሽ ለማስቀመጥ ነው" አልኳቸው። "ሸጋ" አሉና መደርደራቸውን ቀጠሉ። ዓይኔን ከስካነሩ መብራት ላይ አላነሳሁም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሰውአገኝ ሁላችንንም ሰብስቦ ፕሮግራሙን አሳየን። እኛ ሁለት ቀን የምንደክምበትን ቢስሚላህ ብለሽ ሳትጨርሺ ሠርቶ አስቀመጠው። ሚስጥር አጨበጨበች፤ ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው። ሰውአገኝ ክፉ ሰው አይደለም። የውጭ ሰዎቹ ከእንግዲህ የመሃል ሥዕል በሰው እጅ እንደማያሠሩ፣ ያለ እነሱ ሥራ ደግሞ ስቱዲዮው እንደማይቆም ነገረን። ከስድስታችን እኔ ብቻ ቀረሁ። አያ ወልደ ገብርኤል ኮምፒውተሩን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት፤ ቀጥሎ እኔን ተመለከቱ። እርሳሶቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው "ደህና ዋሉ" ብለው ወረዱ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ለኔ ብቻ ሆነ። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ ሰው። ሥራዬ የፕሮግራሙን ስህተት ማረም ነው። አንዳንዴ ለሰው ስድስተኛ ጣት ያበቅልለታል፤ አንዳንዴ ነጠላውን በትከሻ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ አንድ ቀን ለአንዲት በቅሎ አምስት እግር ሰጣት። ድሮ ቢሆን ሚስጥር በዚያች በቅሎ ሳምንቱን ሙሉ ታስቀን ነበር። ብቻዬን ሳቅሁና ድምፄ ከባዶው ክፍል ሲመለስብኝ ደንግጬ ዝም አልኩ። ስህተቱን ባረምኩለት ቁጥር ደግሞ እሱ ይማራል፤ ዛሬ ያረምኩትን ጣት በሚቀጥለው ወር አይሳሳተውም። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው ቃል ለጥበቃው "እንደምን አደሩ"፣ ለባጃጁ ሹፌር "ወራጅ አለ" ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቤት ስገባም ያው ነው። የአባባን ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ከፍቼ እጠርግና እዘጋዋለሁ። ሚስጥር የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ገብታለች፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ብላኝ እርምጃዋን ታፈጥናለች። አልፈርድባትም።

የካቲት ላይ ስለ ትራኮማ ለሕፃናት የሚሠራ አጭር ፊልም እያረምኩ ነበር። ፕሮግራሙ አንድ ሽማግሌ ከመደብ ሲነሳ ሠራልኝ። ሽማግሌው ከመነሳቱ በፊት መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ፤ ጥቂት እንደማሰብ አለ፤ ከዚያ አገጩን አስቀድሞ ተነሳ። እታለም፣ የአያ ወልደ ገብርኤል እጅ ነው። ያችን ጥቂት ማሰብ ከእሳቸው ሌላ የሚሥል አልነበረም። የማርመው አንድም ነገር አላገኘሁበትም። ደጋግሜ አየሁት። የምታውቂው ሰው ከሄደ በኋላ ልብሱን ሌላ ሰው ለብሶት በመንገድ ሲያልፍ እንደማየት ነበር። በዚያው ሳምንት የተከራዩበት ቤት ሄድኩ። የቤቱ ባለቤት እናኑ የምትባል ሴት ናት፤ "ከገና በፊት ጓዛቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ" አለችኝ። ደባርቅ ድረስ ለመሄድ ግን ወኔ አጣሁ። ሄጄስ ምን እላቸዋለሁ?

የክርስቲያኖቹ ፋሲካ ባለፈ ማግስት ሰውአገኝ መጣና መደርደሪያው ላይ የቀረውን አንድ ካርቶን አወረደ። "ይህንንም አስገቢው፤ ፕሮግራሙን የሰው ፊት ያንሰዋል ብለዋል የውጭ ሰዎቹ" አለኝ። ከፍቼ ሳየው የስቱዲዮው ሥራ አይደለም። አያ ወልደ ገብርኤል በምሳ ሰዓት ለራሳቸው የሣሉት ነው፤ የወለቃ ሸክላ ሻጮች፣ በቅሎዎች፣ እናታቸው ገብስ ሲያበጥሩ፣ የኛም የሁላችን ፊት። "ይህ የግላቸው ነው" አልኩት። "ወረቀቱ የስቱዲዮው ነው፤ እሳቸውም ጥለውት ሄደዋል" አለና ወጣ። ስካነሩን ግን አልከፈትኩም። ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኑን አቅፌ ከፎቁ ወረድኩና ከመናኸሪያ የደባርቅ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከዳባት ወዲያ ብርዱ በመስኮቱ ቀዳዳ ሲገባ ሻርፔን ከራሴ ላይ ሳይሆን ከካርቶኑ ላይ ደረብኩት፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ከገበያው አጠገብ፣ መሰላል ላይ ቆመው ለአንድ ምግብ ቤት ታፔላ ሲጽፉ አገኘኋቸው። ቀይ ዶሮ ሥለው ጭራውን እየቀቡ ነበር። ሲያዩኝ ስሜን ጠርተው ቀስ ብለው ወረዱ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እሺ ማለቴን፣ መዋሸቴን፣ መቅረቴን። ብሩሻቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ "አውቄ ነበር" አሉኝ። ሰውአገኝ ደረጃው ላይ ቆሞ በስልክ ሲነጋገር ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሰምተውት ኖሯል። "ታዲያ ምነው አገዙኝ? ምነው ዝም አሉ?" አልኳቸው። "ሥራውማ መሄዱ አይቀርም ነበር። ብራናውን የማተሚያ ቤት ሥዕል ቀማኝ፤ ወረቀት ብዬ መጣሁ፣ ወረቀቱም ይኸው። እሱን ለምጄዋለሁ። እኔ ከአጠገብሽ የተቀመጥኩት ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች ስል ወረቀቱ አለቀ" አሉ።

በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሃል አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ ሂጂልኝም አላሉኝም። ሲበርድልኝ "ምሳ በልተሻል?" አሉኝና ዶሮውን የሣሉለት ምግብ ቤት ይዘውኝ ገቡ። ተመጋቢዎቹ ሁለት ወር ጾመው የፈቱ ናቸው፤ በየጠረጴዛው ጥብስና ቅቅል ይበላል። እሳቸው ግን ሽሮ አዘዙ። ከአንድ ሳህን በላን። ይቅር ብዬሻለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሰኞ ለሰውአገኝ "ካርቶኑን ለባለቤቱ መልሻለሁ" አልኩት። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን "እስከ ሰኔ ያለውን ጨርሺ፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን አዲስ አበባ ያሉት ይይዙታል" አለኝ። አልተቀየምኩትም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ በትራኮማው ፊልም መጨረሻ ላይ የአያ ወልደ ገብርኤል ስም እንዲገባ። "የሠራው እኮ ፕሮግራሙ ነው" አለ። ሽማግሌው ሲነሳ አሳየሁት። አየው፤ ደግሞም አየው። እሺም እምቢም ሳይል ወጣ። ስማቸውን ራሴ ጽፌ አስገብቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አላወጣውም።

ከሰኔ በኋላ ምን እንደምሆን አላውቅም። ወደ እኔ ነይ እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ለጊዜው አትበዪኝ። ይህን ዝምታ ተሸክሜ ብመጣ እናንተ ቤትም ይከተለኛል። ይልቅ ስትደውዪልኝ ቶሎ ባልመልስ፣ መስመሩ ተቋረጠ ብለሽ አትዝጊው። ዝም ስልም ስልኩ ላይ አለሁ።

ለዐብዱልከሪም የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ደግነቱን አላህ ይቁጠርለት። ኸሊልን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን ሰዓዳንም ስለ ላከችልኝ ስጦታ አመስግኚልኝ። ለኢልሃም ደግሞ በክር የታሰሩ ሠላሳ ስድስት ትንንሽ ወረቀቶች ልኬላታለሁ። አያ ወልደ ገብርኤል ካርቶኑን ከፍተው "ይህ ያንቺ ነው" ብለው የሰጡኝ ነው። ክሩን ፍቺና በግራ እጅሽ ጠርዙን ጠበቅ አድርገሽ ያዢላት፤ በቀኝ አውራ ጣትሽ ከላይ ጀምረሽ ቶሎ ቶሎ ልቀቂው። ሦስት ሰከንድ ነው። አንዲት ልጅ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅራለች፤ ከጎኗ ያለ ሰው አንድ ነገር ይላታል፤ ጥቂት እንደማሰብ ብላ ቀና ትልና ከት ብላ ትስቃለች። እኔ ነኝ። መቼ እንደሣሉኝ አላውቅም፤ እንደዚያ እስቅ እንደነበርም ረስቼው ነበር። ኢልሃም በአካል አታውቀኝምና አክስቷን መጀመሪያ እንዲህ ትያት።

እህትሽ ፈህሚያ
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ሚያዝያ 24 ቀን 2010 ዓ.ም.