ዘጠነኛው ስንኝ

ጀማልዬ፣

አላህ ይርሐምህ። ያለ አንተ ሁለተኛውን ረመዳን ጾሜ ጨረስኩ። የሰፈራችን የሳቢያን ሙቀት ያው ነው፣ አይቻልም። ልጃችን ሐያት ሳሎኑን ሰማያዊ ቀለም አስቀባችው፤ ብትኖር ዋና ልንማር ነው ወይ ብለህ ታበሽቃት ነበር።

አቦ፣ የጻፍኩልህ ግን ስለ ቀለም አይደለም። ፈርቻለሁ።

ስኳሩ ዓይንህን ከወሰደብህ በኋላ፣ ከዚራ ሰፈር የዛፎቹ ጥላ ሥር ክንድህን ይዤ ስንሄድ ሶኔት የምትለውን የፈረንጅ ግጥም በቃልህ ትገጥም ነበር፣ እኔም በቃሌ እይዝልህ ነበር። ልጻፈው ስልህ እምቢ አልክ። ሶኔት አሥራ አራት ስንኝ ብቻ የሆነው አንድ ሰው በልቡ እንዲይዘው ነው አልከኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪን ክርክር ማን ይችላል! ስምንቱ ስንኝ ነገሩን ያመጣል፣ ዘጠነኛው ላይ ይታጠፋል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይዘጉታል ብለህ እንደ ተማሪ አስጠናኸኝ። ለኔ የገጠምከውን አስታውስ፤ ስምንቱን ስንኝ የድሬን ፀሐይ ስትራገም ቆይተህ ዘጠነኛው ላይ ወደ እኔ ዞርክ። ሳቅ መራመድ ከልክሎኝ በባጃጅ ተመለስን።

ባለፈው ሳምንት ሐያት በስልኳ ልትቀዳው ፈልጋ አስቀመጠችኝ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ባዶ። ፀሐዩ አለ፣ እኔ የለሁም። ደንግጬ ከራሴ አንድ ስንኝ ሰካሁና ቀጠልኩ፤ ቤትም መታ። ልጅቷ እንዴት ያምራል ብላ አለቀሰች። አሁን ደግሞ ባሰብኝ፤ አሥረኛውም ያንተ ይሁን የኔ መለየት አቃተኝ። የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነበርን፣ ማንን ልጠይቅ?

እናቴን ታስታውሳታለህ። መጀመሪያ የረሳችው መንዙማዋን ነበር፤ ቀጥሎ የኛን ስም።

ነገ ለሐያት እውነቱን እነግራታለሁ። ዘጠነኛው የእናትሽ ነው፣ የአባትሽ ጠፍቷል እላታለሁ፤ ትዘንብኝ። ሌሎቹን ግን ከነጥርጣሬዬ ትጽፋቸዋለች። እምቢ ብትለኝም አልሰማህም፣ አውፍ፣ ይቅር በለኝ።

ስንኙን ሁሉ እይዛለሁ ብዬ አልምልልህም። አንተን ግን ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ በስምህ እጠራሃለሁ። ዛሬም ጠራሁ፣ ስምህ መጣልኝ። አልመጣ ያለኝ ቀን ሐያት በጆሮዬ እንድትጠራልኝ አደራ እላታለሁ። ማነው እሱ ብላትም እንዳትተው።

ያንተው ፋጡማ