ያልተከፈተው ከረጢት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ ለጠጠሬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ትልቅ ሰው ሆነህም ጠጠሬ ማለቴን አልተውኩም፤ በድንጋይ እየሞላህ የቀደድከውን ኪስ ስሰፋ የኖርኩት እኔ ነኝና ይፈቀድልኝ። ጉልበቴ ደህና ነው። ምድጃውም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው።

አምና የእሳተ ገሞራውን ጥቁር ድንጋይ ፈጭቼ ሳህን እንድሠራበት ቀመሩን ጽፈህ፣ ነጩን የማዕድን ዱቄትም በከረጢት ልከህልኝ ነበር። «እታለም፣ ከአምስት እጅ አንዱ ነጩ ይሁን፤ ያለሱ እሳት ውስጥ ይቀልጣል» ብለህ ሁለቴ አስምረህበታል። እኔም ሳህኖቹ ቀልጠው ከምድጃው መደርደሪያ ጋር እንደተጣበቁ፣ ቀመርህ እንደማይሆን ጻፍኩልህ። አንተ ደግሞ «ካንቺ እጅ ካልወጣ ከማንም አይወጣም» አልክና የድንጋይ ትምህርትህን ትተህ መጋዘን ውስጥ ሣጥን መሸከም ጀመርክ።

ጠጠሬ፣ ከረጢቱን አልከፈትኩትም።

ሠላሳ ዓመት ጭቃ ያቦካሁ ሴት አሁን በሚዛን ልሥራ? «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብዬ ስቄ፣ ድንጋዩን ከለመድኩት ሸክላ ጋር ብቻ ለወስኩት። ሲቀልጥ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሆዴ ያውቅ ነበር። ግን ደስ አለኝ። አፈር ልብላ፣ ደስ አለኝ! ያንተ ከሠራ የኔ እጅ ምን ይቀረዋል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ምድጃ የምታነድልን ሴትዮ፣ ያቺ ምላሰኛዋ፣ ዕቃ ቤቱን ስታጸዳ ከረጢቱን አገኘችው። ወረቀትህ እላዩ ላይ ነበር። እኔን ሳትጠይቅ እንዳልከው መዝና ደባልቃ አምስት ሳህን አበሰለች። ጥቁር፣ ልስልስ ያሉ፣ በጥፍር ሲመቷቸው የሚጮኹ ሳህኖች ወጡ።

«ይሄ ወንድምሽ የላከው አይደል? ታዲያ አምና በምን ሞከርሽው?» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ረስቼው ነው» አልኳት።

«ለኔ ምን አስዋሸሽ? ይልቅ ለሱ ጻፊለት።»

ይኸው ጻፍኩልህ። አልረሳሁትም። እናታችን «አደራሽን» ብላ የሰጠችኝን ልጅ ከመንገዱ ያስቀረሁት እኔው ነኝ። ዓይንህን በምን ዓይኔ እንደማየው አላውቅም። ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም፤ ትምህርትህን ግን ቀጥል።

አንዱን ሳህን በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። ከተናደድክብኝ ከግድግዳ ጋር አጋጨው፣ መብትህ ነው። ግን እሺ አይልህም። ሴትዮዋ ዞር ስትል እኔም የድንጋዩ ወለል ላይ ወርውሬው ነበር፤ ጫፉ እንኳ አልተነካም።

የያዝከው ሁሉ ይቅናህ፤ እጅህን ከእንግዲህ አመድ አፋሽ አያድርገው።

በራሷ ያፈረች እህትህ፣
እታለም