በዘንገና ላይ የሚጮኸው ሞተር

ለወንድሜ ለአብራር፣ ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ ዛሬም ቦቴው ላይ ስትወጣና ስትወርድ ያስቃስትሃል? አፊያስ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ብርዱ ጠንቶባት ፀሐይ ስታሳድድ ትውላለች እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። ሱቁም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው አንተ የላክኸው የጀልባ ሞተር ነው።

ባለፈው እሑድ ሙሽሮች አሳፍረን ዘንገና ሐይቅ መሐል ስንደርስ ሞተሩ እንደ አምቡላንስ ይጮህ ጀመር፤ ጉልበቱም ወዲያው ደከመ። የሙሽራዋ አክስት እናትነሽ «ኧረ በማርያም አውጡን!» ብላ አንገቴን አንቃ ያዘችኝ። መቅዘፊያው ዳር ቀርቶ ስለነበር ሚዜዎቹ ሱፋቸውን ሰብስበው በእጃቸው እየቀዘፉ አወጡን። ከዚያ ወዲህ ልሳፈር የሚል የለም።

ጥር ሃያ ሦስት የፈረሰኞቹ በዓል ነው፤ እንግዳው ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ሐይቁ እንደሚጎርፍ ታውቃለህ። ያን ቀን ጀልባችን ታስራ ከታየች ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጡት የሐይቁ ማኅበር ልጆች ፊት ለፊት ነግረውኛል።

መላ የማይሰጠኝ ሰው ጠፋ። ጎረቤታችን ምህረቴ «የሚጮኸውን ሽቦ ቁረጪና ዝም ይበል» አለኝ። የሚጮኸው ሞተሩ ሲግል ሊያስጠነቅቀን ነው፤ ሌባ ሲመጣ የሚጮኸውን ውሻህን ትገድለዋለህ ወይ አልኩት። የባጃጅ መካኒኩ ደረሰ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃ የሚያሳልፈውን ቴርሞስታት አውጥቶ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተው፤ እንደሚገባው ተከፈተ። እኔ ደግሞ አንተ እንዳሳየኸኝ ከሞተሩ ጎን የሚተፋውን ውሃ አየሁ፤ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ውሃ የሚስብበትን ወንፊት የሸፈነውን ቅጠል ለቀምኩ፣ የሚተፋበትንም ቀዳዳ በሽቦ ጠረግሁ። ትንሽ በረታና መልሶ ጮኸ።

በመጨረሻ ደረሰ የሞተሩን እግር ፈታው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ አርሮ ክንፎቹ ተቆራርጠዋል። ደረሰ አገላብጦ አየውና «ይኼ ያለ ውሃ ሲሠራ ነው የከረመው» አለ። ሁላችንም ወደ ቀዛፊያችን ወደ ሽባባው ዞርን። ፈረሰኛነቱን ታውቃለህ፤ ማታ ማታ ሞተሩን የሚያለብሰው የፈረሱን ግላስ ነው። ምንም ሳያፍር፣ በየጠዋቱ ዳር ላይ ሰቅሎ አስነሥቶ በደንብ ሳያሞቀው ውሃ አስገብቶት እንደማያውቅ ነገረን። «እትዬ ዋሂዳ፣ በዚህ ውርጭ ፈረስስ ሳይፍታታ ይጋለባል?» አለኝ። ማን አዘዘህ ብዬ ጮኽኩበት። «አብራር ራሱ ነዋ! ሳታሞቅ እንዳትነዳው ብሎ በስልክ አስምሎኛል።»

ለእሱ ያዘጋጀሁትን ስድብ ወደ አንተ አዞርኩት። አብራር፣ ቦቴህ የሚያቀዘቅዘውን ውሃ በሆዱ ይዞ ነው የሚሞቀው። ይኼ ግን የሚጠጣው ከሐይቁ ነው! ውሃ ውስጥ አድርገህ አሙቀው የምትለዋን አንዲት ቃል ሳትጨምር ስልኩን ለምን ዘጋህ? ለሽባባው ምክር ካለህ ከእንግዲህ በእኔ በኩል ይሁን።

ይህን ወረቀት የሚሰጥህ አብዱልሀፊዝ ለዑምራ ነው የሚመጣው፤ ከበዓሉ በፊት ይመለሳል። ያረረውን ጎማ አብሬ ጠቅልዬልሃለሁ፤ በጣትህ ዳስሰው። ይዘኸው መለዋወጫ ሱቅ ሂድና ልክ እሱን የሚመስል በአብዱልሀፊዝ እጅ ላክልኝ። ሁለት አድርገው፤ ሽባባውን አውቀዋለሁና።

አፊያን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ ልጆቹንም በየተራ። እማዬ ወገቡን በጨው ውሃ ይታሸው ብላለች፤ ዱዓዋም አልተለየህም። ልጄ ከዲጃ ትናፍቅሃለች፤ ቁጣዬን አንብቤላት ስትስቅ ነበር። ደረሰም ሰላም ብሎሃል። ሽባባውም እንደዚሁ፤ ጎማው እስኪመጣ ሞተሩን እንዳይበርደው ብሎ ሁለተኛ ግላስ ደርቦለታል።

እህትህ ዋሂዳ
እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.